የመናፈሻው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

(ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)



ባለፈው ዓመት ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፤ በሰፈራችን ያለው ሜዳ በሽቦ ታጥሮ አገኘነው። ሜዳው ትልቅ አይደለም። ባንድ ወገን ባሕር ዛፍ፤ በሌላው ወገን ወንዝ ያዋስነዋል። ነገር ግን እኔ ኳስ መምታት የተማርሁት በእርሱ ላይ ነው፤ ታላቅ ወንድሜም ከእኔ በፊት እንዲሁ። ሽማግሌዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጫወቱበታል፤ እናቶች በርበሬ ያሰጡበታል፤ የመስቀል ደመራም የሚደመረው በዚያው ነው። በዚያን ቀን ግን በሽቦው ላይ አንድ ቆርቆሮ ተንጠልጥሎ «መግባት ክልክል ነው» ይላል። ከነዚህ ሦስት ቃላት በቀር አንዳች አልተጻፈበትም። ዘበኛውን ብንጠይቀው «ትእዛዝ ነው» አለን። ከማን እንደ ታዘዘ ብንጠይቀው ደግሞ «ከበላይ» ብሎ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

ልጆቹ መቼም ጨዋታ አይተዉም፤ ኳሳቸውን ይዘው ወደ አስፋልቱ ወጡ። ከእነርሱም አንዱ፤ የሰባት ዓመት ልጅ፤ ያመለጠች ኳስ ሊያመጣ ሲሮጥ መኪና ገጭቶት ክንዱ ተሰበረ። የዚያ ዓመት ደመራም በመንገድ ዳር ተደመረ። ከሁለት ወር በኋላ ሽቦው እንደ ታጠረ ሁሉ ለማንም ሳይነገር ተነሣ። ገብተን ብናይ ሣሩ ከማደጉ በቀር አንድም የተሠራ ነገር አላገኘንም።

እኔ ያዘንሁት ሜዳው ስለ ታጠረ ብቻ አይደለም። ሜዳ ለማጠር በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ቧንቧ ሊቀበርበት፤ የወንዙ ዳር ተንዶ ለሕፃናት የሚያሠጋ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያዘንሁት ምክንያቱን ለነዋሪው መናገር ይገባል ብሎ ያሰበ ሰው ባለመኖሩ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ባለ ሥልጣን ሕዝብ የሚዝናናበትን ሥፍራ ለመዝጋትና ለመክፈት ያለው ሥልጣን ወሰኑ እስከ የት ነው?

በትምህርታችን እንደ ተረዳነው የመንግሥት ሥራ በሦስት ይከፈላል፤ ሕግ የሚያወጣ አለ፤ ሕግን የሚያስፈጽም አለ፤ በሕግ የሚፈርድ አለ። እኔ የምጠይቀው ስለ ሁለተኛው፤ ስለ አስፈጻሚው ነው። ነገሩን ለመመርመር ስነሣ፤ ስለ መናፈሻና ስለ ዱር ሥልጣን ከመቶ ዓመት በላይ ክርክር የተደረገባት፤ ፍርድ ቤቶችም ደጋግመው የወሰኑባት አገር አሜሪካ ሆና አገኘኋት። ስለዚህ ምሳሌዬን በብዛት ከእርስዋ እወስዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእኔ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። አስፈጻሚው የሕዝብ መዝናኛ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ ሲዘጋም ሆነ ሲከፍት ሕግ በሰጠው ወሰን ውስጥ ሆኖ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጦ፤ ጊዜውን ለይቶ፤ ሌላ ዳኛ ሊመረምረው በሚችል አኳኋን ሊሆን ይገባዋል።

በመጀመሪያ የነገሩን ሥር እንይ። በ1864 አሜሪካ እርስ በርስዋ በጦርነት ስትታመስ፤ ኮንግረስ የተባለው የሕግ አውጪ ምክር ቤት በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዮሴሚቲ ሸለቆ ለሕዝብ መዝናኛ እንዲሆንና ለዘለዓለም እንዳይሸጥ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሊንከንም ፈረሙበት። በ1872 ደግሞ በፕሬዚዳንት ግራንት ዘመን የሎውስቶን በሕግ የሕዝብ ፓርክ ሆነ። እርግጥ ነው፤ እነዚህ አገሮች ባዶ አልነበሩም፤ ከጥንት ጀምሮ ይኖሩባቸው የነበሩት ሕንዶች ከመሬታቸው ተገፍተዋል፤ ይህም በዚያ መልካም ሥራ ላይ ያለ ጠባሳ ነው። ለጥያቄያችን ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሁለቱም ሥፍራዎች ለሕዝብ የተሰጡት በሕግ እንጂ በአንድ ሹም በጎ ፈቃድ አይደለም።

ከዚህ በኋላ በ1906 አዲስ ነገር መጣ። ኮንግረስ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ የሚባለውን አውጥቶ፤ ፕሬዚዳንቱ የታሪክ ወይም የሳይንስ ጥቅም ያለውን ሥፍራ በራሱ አዋጅ ብሔራዊ ቅርስ ብሎ እንዲያስከብር ሥልጣን ሰጠው። ሥልጣኑ ግን ሁለት ወሰን ተደረገለት። መሬቱ የማዕከላዊው መንግሥት መሬት መሆን አለበት፤ ስፋቱም ቅርሱን ለመጠበቅ ከሚበቃው መጠን ማለፍ የለበትም።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚህ ሕግ ተጠቅመው በ1908 ግራንድ ካንየን የተባለውን ታላቅ ገደል ብሔራዊ ቅርስ አደረጉት። ስፋቱ ከ800,000 ኤክር በላይ፤ በእኛ ልክ ስምንት ሺህ ጋሻ ያህል ነበር። በዚያም ካሜሩን የሚባል ሰው ነበር፤ በኋላ እስከ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት የደረሰ ነው። ይህ ሰው በገደሉ አፋፍ የማዕድን ይዞታ አለኝ ብሎ፤ ወደ ታች በሚወስደው መንገድ በፈረስ ወይም በበቅሎ ከሚወርድ መንገደኛ ሁሉ አንድ ዶላር ያስከፍል ነበር። ፕሬዚዳንቱ ይህን ያህል ሰፊ ገደል ቅርስ ነው ለማለት ሥልጣን የላቸውም ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1920 ፈረደበት፤ ገደሉ ልዩ የሳይንስ ጥቅም ያለው ነውና አዋጁ ከሕጉ ወሰን አልወጣም አለ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት የሥልጣን ጠላት አለመሆኔን ለማስረዳት ነው። አስፈጻሚው ኀይል ባይኖረው ኖሮ፤ ያ ገደል ዛሬ አንድ ብልጥ ሰው በር ላይ ቆሞ ገንዘብ የሚሰበስብበት ሥፍራ በሆነ ነበር። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ የረቱት ፕሬዚዳንት ስለ ሆኑ አይደለም፤ በጽሑፍ ያለ ሕግ ስለ ነበራቸውና ያም ሕግ በዳኛ ፊት ተመዝኖ ስላልቀለለ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ወሰኑን ያሳየናል። በ1943 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በዋዮሚንግ ግዛት ጃክሰን ሆል የሚባለውን ሸለቆ በዚያው ሕግ ብሔራዊ ቅርስ አደረጉ። የአገሩ ከብት አርቢዎች ሳይጠየቁ የተደረገ ነው ብለው ተቆጡ፤ ተቃውሟቸውንም ለመግለጽ ከብቶቻቸውን እየነዱ በመካከሉ አለፉ። ኮንግረስም አዋጁን የሚሽር ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ብለው ሕጉ ሳይጸና ቀረ። ነገሩ የበረደው በ1950 ነው። ኮንግረስ ሸለቆውን ከግራንድ ቲቶን ብሔራዊ ፓርክ ጋር አዋሐደው፤ በዚያው ሕግ ግን ከእንግዲህ ወዲህ ያለ ኮንግረስ ፈቃድ በዋዮሚንግ ውስጥ ማንም ፕሬዚዳንት እንዲህ ያለ አዋጅ እንዳያወጣ ከለከለ። ያንን ሸለቆ ዛሬ ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው ፕሬዚዳንቱን ማመስገኑ አይቀርም። እኔም አመሰግናለሁ። ቢሆንም መልካም ሥራ እንኳ ያለ ምክክር ሲሠራ ቂም ይወልዳል፤ ቂሙም ሥልጣኑን መልሶ ያሳጥረዋል።

በራሳችን ዘመን የሆነውን ብንመለከት ደግሞ ትምህርቱ ይበልጥ ይገለጣል። በ2016 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኦባማ በዩታ ግዛት ቤርስ ኢርስ የተባለውን 1.35 ሚሊዮን ኤክር የሚሆን አገር ብሔራዊ ቅርስ አደረጉ። በ2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከመቶ 85 ያህሉን ቀነሱት። በ2021 ፕሬዚዳንት ባይደን መለሱት። ያው ተራራ፤ ያው ድንጋይ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ወሰኑ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ቅርስ የማድረግ ሥልጣን በሕጉ በግልጽ ተጽፏል፤ የመቀነስ ሥልጣን ግን አልተጻፈም፤ ስለዚህም የሕግ ዐዋቂዎች በነገሩ ይከራከራሉ። እኔ የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ይገባኛል፤ በአንድ ሰው ቃል ብቻ የቆመ ነገር በሌላ ሰው ቃል ይፈርሳል። መናፈሻ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ የሚፈልግ መንግሥት መሠረቱን በምክር ቤት ሕግ ላይ ይጣል።

አሁን ወደ በሩና ወደ ቁልፉ እንመለስ። በአሜሪካ ኮንግረስ ገንዘብ ካልፈቀደ አስፈጻሚው ሊያወጣ አይችልም። ምክር ቤቱና ፕሬዚዳንቱ በበጀት ሳይስማሙ ሲቀሩ፤ አስቸኳይ ያልሆነ የመንግሥት ሥራ ይቆማል። በ1995 ኅዳር እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን፤ ግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ከሆነበት ከ1919 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ተዘጋ። በ2013 ጥቅምት ደግሞ 16 ቀን ሙሉ 401 የብሔራዊ ፓርክ ሥፍራዎች ተዘጉ። ከነዚህም አንዱ በዋሽንግተን ያለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ ነው። ይህ መታሰቢያ ጣራና በር የሌለው፤ ሰው ቀንና ሌሊት የሚመላለስበት ሜዳ ነው። ሆኖም በአጥር ከለሉት። በመጀመሪያው ቀን በዚያ ጦርነት የዘመቱ ሽማግሌዎች፤ አንዳንዶቹ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ፤ ከሩቅ አገር መጥተው አጥሩን አልፈው ገቡ።

በዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ፍርድ ልስጥ። አስፈጻሚው ያልተፈቀደ ገንዘብ አላወጣም ማለቱ ትክክል ነው፤ ያለ ጠባቂ ፓርክን ክፍት መተውም አደጋ አለው። ነገር ግን በር የሌለውን ሜዳ ለመዝጋት አጥር ማምጣት፤ አጥሩንም የሚጠብቅ ሰው ማቆም፤ ገንዘብ ከመቆጠብ ይልቅ ሕዝቡ ቁጣውን በምክር ቤቱ ላይ እንዲያወርድ ለማድረግ የታሰበ ይመስላል። የመዝናኛ ሥፍራ በሹማምንት ክርክር መካከል እንደ መያዣ ሊያዝ አይገባውም። የዩታ ግዛት በበኩልዋ በዚያ ጊዜ 1.67 ሚሊዮን ዶላር ለማዕከላዊው መንግሥት ከፍላ፤ በግዛትዋ ያሉ ስምንት ሥፍራዎች ለዐሥር ቀን እንዲከፈቱ አደረገች። የፓርኮቹ መዘጋት በዙሪያው ሆቴልና ሱቅ ከፍቶ ለሚኖረው ሰው ምን ያህል ጉዳት እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

አንባቢ ሆይ፤ እንግዲያስ ሁልጊዜ ክፍት መተው ይሻላል እንዳትለኝ። ከ2018 ታኅሣሥ እስከ 2019 ጥር ድረስ 35 ቀን ሥራ በቆመ ጊዜ፤ አስፈጻሚው ተቃራኒውን አደረገ። ጠባቂዎቹ ወደ ቤታቸው ተሰናብተው ሳለ ብዙዎቹን ፓርኮች ክፍት ተዋቸው። በካሊፎርኒያ በረሓ በሚገኘው በጆሹዋ ትሪ ፓርክ ቆሻሻ ተከመረ፤ መኪናዎች መንገድ ባልሆነው ምድር ላይ ነዱ፤ ፓርኩ በስሙ የሚጠራባቸው ዛፎችም ተጐዱ። ኋላም ሚኒስቴሩ ጐብኚዎች በበር ላይ ከሚከፍሉት ገንዘብ ወስዶ ቆሻሻ ማስጠረግና መጸዳጃ ማስጸዳት ጀመረ። ሥራው ሲያዩት መልካም ነው፤ ቆሻሻ ይጠረግ የማይል ማን አለ? ሆኖም የኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ነገሩን መርምሮ፤ በ2019 መስከረም ይህ ገንዘብ ለሌላ ሥራ የተመደበ ስለ ሆነ ሚኒስቴሩ ሕግ ጥሷል ሲል ወሰነ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው በር መዝጋት ብቻ ሳይሆን በር መክፈትም ከሥልጣን ወሰን ሊያልፍ የሚችል መሆኑን ነው። ጠባቂ በሩን ወለል አድርጎ ትቶ ቢሄድ አደራውን በልቷል፤ ያለ ምክንያት ቆልፎ ቢሄድም እንዲሁ አደራውን በልቷል።

ይህ ሁሉ የፕሬዚዳንቶች ነገር ነው፤ ለአንድ ሜዳ ዘበኛ ምን ያስተምራል? የሚል ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች እንውረድ። በአሜሪካ አንድ የፓርክ አስተዳዳሪ ለጤና፤ ለደኅንነት ወይም ለአራዊትና ለዕፀዋት ጥበቃ ሲል የፓርኩን ክፍል ለመዝጋት ሥልጣን አለው። ነገር ግን ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር አስቀድሞ ውሳኔውን በጽሑፍ ማስፈር ይገባዋል። በጽሑፉም ለምን እንደሚዘጋና ከመዝጋት የቀለለ ሌላ መንገድ ስለ ምን እንደማይበቃ ማስረዳት አለበት። መዘጋቱ ሕዝቡ የለመደውን አጠቃቀም በብዙ የሚለውጥ ወይም ብርቱ ክርክር የሚያስነሣ ሲሆን ደግሞ፤ በመንግሥት ጋዜጣ አውጥቶ የሕዝቡን አስተያየት መጠየቅ አለበት።

ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ብቻ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ዳርቻ ባለው ብሔራዊ የመዝናኛ ሥፍራ፤ ሰዎች ከ1979 ጀምሮ በተወሰኑ ቦታዎች ውሾቻቸውን ሳያስሩ ያዝናኑ ነበር። አስተዳደሩ በኋላ ልማዱን ሽሮ ውሻ ያላሰሩትን ሰዎች ይከስስ ጀመር። በ2005 ጉዳዩን ያየው ዳኛ፤ የሕዝቡን አስተያየት ሳትጠይቁ ይህን ያህል የቆየ ልማድ ልትለውጡ አትችሉም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ዳኛው ውሻ ይፈታ ወይም ይታሰር አላለም፤ ያለው ሥርዐቱን ጠብቁ ነው። ስለ ውሻ ማሰሪያ ፍርድ ቤት መሄድ ለብዙዎቻችን የሚያስቅ ነገር ይሆናል። እኔ ግን የሕግ ጥንካሬ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው እላለሁ፤ በትንሹ የማይደፈር ሕግ በትልቁም አይደፈርም።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በየሎውስቶን ክረምት ሲገባ ጐብኚዎች በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ይንሸራሸራሉ። ጭሱና ጩኸቱ አራዊቱን ያስጨንቃል ተብሎ በ2001 የክሊንተን መንግሥት ሞተሮቹ ቀስ በቀስ እንዲቀሩ ደንብ አወጣ። ተከታዩ የቡሽ መንግሥት በ2003 ያን ለውጦ በቍጥር እየተወሰኑ እንዲገቡ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ያለ ዳኛ አሳባችሁን የለወጣችሁበትን ምክንያት አላስረዳችሁም ብሎ የቡሽን ደንብ ሻረ፤ በ2004 ደግሞ በዋዮሚንግ ያለ ዳኛ የክሊንተንን ደንብ ሥርዐቱ ተጣድፎ ሕዝቡ በሚገባ ሳይሰማ የወጣ ነው ብሎ ሻረ። የበረዶ ሞተር ወዳጅም ሆነ የጐሽ ወዳጅ፤ ሁለቱም በየተራ በዚያው መሣሪያ ተጠቀሙ። የሥልጣን ወሰን ለአንድ ወገን ብቻ የተበጀ መሣሪያ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። ነገሩ እልባት ያገኘው ብዙ ከተከራከሩበት በኋላ በ2013 በወጣው ደንብ ነው።

በክርክር ክበባችን ይህን አሳብ ሳቀርብ አንድ ጓደኛዬ ተነሥቶ «ሰደድ እሳት ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ ጽሑፍ እየጻፍን፤ አስተያየት እየጠየቅን እንቆይን?» ሲል መለሰልኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሳልመልሰው ላልፍም አይገባኝም።

በካናዳ የሆነውን ለምሳሌ እንውሰድ። በ2025 ነሐሴ የኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር ጫካ በድርቅ ምክንያት እንደ ክብሪት ደርቆ ነበር። መንግሥቱ በጫካ ውስጥ በእግር መንሸራሸርንም፤ ድንኳን ተክሎ ማደርንም ከለከለ፤ በተላለፈ ሰው ላይ 25,000 የካናዳ ዶላር መቀጫ ጣለ። ደጋፊዎቹ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ብዙ ቤት ታቃጥላለች አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ እሳት ማንደድ ይከልከል እንጂ ክብሪት ያልያዘ ሰው በእግሩ መሄዱ ምን ያቃጥላል? አሉ። አንድ የቀድሞ ወታደርም መቀጫውን ተቀብሎ በፍርድ ቤት ሊከራከርበት ሆነ ብሎ ወደ ጫካ ገባ።

ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። እሳት ሲነሣ አስፈጻሚው ፈጥኖ መዝጋት ይችላል፤ መዝጋትም አለበት። የአሜሪካው ደንብም ለድንገተኛ አደጋ በር መተዉን ከዚህ በላይ አይተናል። ነገር ግን ፍጥነት ምክንያትን አያስቀርም። ዛሬ በችኮላ የተዘጋው ነገ በጽሑፍ ይብራራ፤ ማብቂያው ቀን ይቈረጥለት፤ አደጋው ካለፈም ይከፈት። የሚከለከለውም ነገር ከአደጋው ጋር ይመጣጠን። አደጋው እሳት ከሆነ በመጀመሪያ እሳት ይከልከል፤ ያ የማይበቃ መሆኑ ሲገለጥ ብቻ እግር ይከልከል። አደጋ የሥልጣንን ወሰን ለጊዜው ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

ደግሞም ወሰን ሥልጣንን የሚያደክም የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ምክንያቱ የተነገረው ሰው አጥሩን ራሱ ይጠብቃል፤ ልጁንም ይመክራል። ምክንያቱ ያልተነገረው ግን ዘበኛው ፊቱን ሲያዞር ሽቦውን ይፈለቅቃል። በሰፈራችን የሆነውም ይኸው ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት በወንዙ በኩል ሽቦው ተቀዶ ነበር። ያንን ቀዳዳ የፈጠረው የልጆች ባለጌነት ብቻ አይደለም፤ የምክንያት መጥፋትም ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ባዕድ ነገር አይደለም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ይህን ቃል ሲሰማ መንገደኛው ብቻ ሳይሆን ባለ ዱላውም ይቆም ነበር። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥታችንም በ92ኛው አንቀጽ፤ ሕዝቡ እርሱን በሚመለከት የአካባቢ ደኅንነት ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ አሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እናስብ። በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በ2016 በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያው እንዲተርፍ፤ እኛም ሄደን እንድናየው፤ ሌላ ሰው ቤቱን ለቋል ማለት ነው። የመዝናኛ ነገር የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ዋጋ በሚከፈልበት ሥራ ላይ ነዋሪውን መጠየቅ ለሹሙ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ሳይሆን ግዴታው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ ተማሪዎች መብት ስንጠይቅ ግዴታችንን መርሳት የለብንም። ሜዳው ክፍት ሳለ የሙዝ ልጣጭና የፕላስቲክ ጠርሙስ የጣልንበት እኛ ነን፤ የተተከለውን ችግኝ ግብ አድርገን ኳስ የመታንበትም እኛ ነን። የጆሹዋ ትሪን ዛፍ የጐዳው ሹም አልነበረም፤ ሊዝናና የመጣ ሰው ነው። ጠባቂ ባይኖርም ራሱን የሚጠብቅ ሕዝብ፤ በሩ ሲዘጋበት «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ ሙሉ አፍ ይኖረዋል።

ስለዚህ ለወላጆችና ለሰፈር ሽማግሌዎች አንድ ቀላል ነገር እለምናለሁ። ሜዳ፤ መናፈሻ ወይም የወንዝ ዳር ሲታጠር ዝም ብለን አንለፍ፤ ልጆች ብቻ የሚጫወቱበት ነው ብለንም ነገሩን አንናቅ። ተሰብስበን፤ በትሕትና፤ በጽሑፍ እንጠይቅ። ለመምህራኖቻችንም የማቀርበው አሳብ አለ። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ለዝናብ ወይም ለጥገና በሚዘጋበት ጊዜ፤ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ አራት መሥመር ይጻፍ። ማን ዘጋው? ስለ ምን ተዘጋ? እስከ መቼ ይዘጋል? ቅሬታ ያለው ለማን ያመልክት? ከእነዚህ አራት መሥመሮች ጋር ያደገ ልጅ፤ ነገ ሹም ሲሆን ለሌላው መጻፍን አይረሳም።

የሰፈራችን ሜዳ ዛሬ ክፍት ነው። ክንዱ የተሰበረውም ልጅ ድኖ እንደገና ኳስ ይመታል። ያ ቆርቆሮ ግን ነገ ደግሞ ይሰቀል እንደ ሆነ ማን ያውቃል? በሚሰቀልበት ቀን «መግባት ክልክል ነው» ከሚሉት ሦስት ቃላት በታች ምክንያቱ፤ ጊዜውና የአዛዡ ስም ቢጻፍ፤ እኔ ራሴ ከዘበኛው ጎን ቆሜ ልጆቹን እመልሳለሁ። ቆርቆሮው ሰፊ ነበር፤ ለአራት መሥመር ቦታ አያንሰውም።